የተዛምዶ መለኪያ ምን ይመሰክራል? ከጉና ተራራ ወዲህና ወዲያ



በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ አንድ መሐንዲስ የመስኖ ግድብ፣ የመንገድ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ወይም የውኃ ማቆሪያ ኩሬ ንድፍ ሲያዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣበት ጥያቄ አለ። ይኸውም «እዚህ ቦታ ምን ያህል ይዘንባል? ወንዙስ ሲሞላ እስከ ምን ድረስ ይሞላል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን በቂ መዝገብ ግን በአብዛኛው ጊዜ በእጁ የለም። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ካሉትም መካከል መዝገባቸው አጭር የሆነ ወይም በመካከል የተቋረጠ ይገኝባቸዋል። ከጉና ምሥራቅና ደቡብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ትናንሽ ወንዞችም አብዛኞቹ መለኪያ የላቸውም። ስለሆነም መሐንዲሱ ከሌላ ቦታ መበደር ግድ ይሆንበታል። የደብረ ታቦርን ወይም የባሕር ዳርን ረጅም መዝገብ ይወስዳል፤ በዚህ ረጅም መዝገብና በአካባቢው አጭር መዝገብ መካከል ያለውን ተዛምዶ ያሰላል፤ ባገኘው መስመርም የጎደለውን ዓመት ይሞላል።

ለዚህ ብድር ዋስ ሆኖ የሚቀርበው አንድ ቁጥር ነው። ባለሙያዎች «ኮሪሌሽን ኮኤፊሸንት» ይሉታል፤ በአማርኛ የተዛምዶ መለኪያ ሊባል ይችላል። በብዙ የጥናት ሰነዶች ውስጥ ይህ ቁጥር 0.8 ወይም 0.9 ሆኖ ከተገኘ ክርክሩ በዚያው ይዘጋል፤ 0.3 ከሆነም ጉዳዩ ይጣላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ዋሱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን መመርመር ነው። ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። መስመሩ ከተሳሳተ ኩሬው በሐምሌ ጎርፍ ይጠረጋል፤ ወይም በጥር ወር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዋጋውን የሚከፍለው ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ሳይሆን በኩሬው ተማምኖ ያረሰው ገበሬ ነው።

ቁጥሩ የሚለካው

የተዛምዶን ሐሳብ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1888 አቀረበ፤ ካርል ፒርሰን ደግሞ በ1890ዎቹ አጋማሽ ዛሬ የሚሠራበትን የስሌት መልክ ሰጠው። ስሌቱ ረቂቅ አይደለም። ሁለት ነገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለካሉ እንበል፤ ለምሳሌ የአንድ ዓመት ዝናብ በደብረ ታቦርና በዚያው ዓመት የወረደው ዝናብ በነፋስ መውጫ። እያንዳንዱ ልክ ከራሱ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይፈለጋል፤ የሁለቱ ርቀቶች እርስ በርስ ይባዛሉ፤ የብዜቶቹ አማካይ ይወሰዳል፤ ይህም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሚባሉት በሁለቱ የስርጭት መለኪያዎች ብዜት ይካፈላል። ውጤቱ ሚሊ ሜትርም ኩንታልም የማይባል፣ ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 የሚደርስ ንጹሕ ቁጥር ነው። አዎንታዊ 1 ማለት ነጥቦቹ በሙሉ ሽቅብ በሚወጣ አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ ማለት ነው። አሉታዊ 1 ቁልቁል በሚወርድ መስመር ላይ መዋላቸውን ያመለክታል። ዜሮ ደግሞ ቀጥታ መስመር እንደሌለ ይናገራል።

በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ ቁጥሩ የሚለካው ነጥቦቹ ለመስመሩ ያላቸውን ቅርበት እንጂ የመስመሩን ዳገትነት አይደለም። በአንዱ ቦታ ዝናቡ በ100 ሚሊ ሜትር ሲጨምር በሌላው የሚጨምረው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ተዛምዶው 0.95 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ እንደ መቶኛ አይነበብም። የሚነበበው ካሬው ነው። 0.7 በራሱ ሲባዛ 0.49 ይሆናል፤ ይህም ማለት ከአንዱ ነገር መለዋወጥ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ከሌላው ጋር በመስመር ይያያዛል፤ የቀረው ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው ማለት ነው። 0.5 ከሆነ የተያያዘው ሩብ ብቻ ነው።

ለመሐንዲሱ ከዚህ ይልቅ ግልጥ የሚሆነው የትንበያው ስሕተት ነው። የተዛምዶው ልክ 0.5 ሲሆን መስመሩን በመጠቀም የስሕተቱ ስፋት የሚቀንሰው በ13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለማጥበብ የተዛምዶው ልክ 0.87 ያህል መድረስ አለበት። እንግዲህ «ጥሩ ነው» ተብሎ የሚታለፈው 0.5 ወይም 0.6 ስለ አንድ ዓመት ዝናብ የሚሰጠው ዋስትና እጅግ ቀጭን ነው።

አንድ ተራራ፣ ሁለት መስመር

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መስመሩ እስከ የት ድረስ ይሠራል የሚለው ነው። ለዚህ የጉና ተራራ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መምህር ነው። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የውኃ ክፍያ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ፤ በማዶው ያሉት ወንዞች ግን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። ከተራራው ምሥራቅ የጋይንት ደጋ ይዘረጋል፤ ከዚያም መሬቱ በስማዳ በኩል ወደ ሸለቆው ቆላ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ሙቀትና ከፍታ ይታዩ። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ይህ ግንኙነት ቀጥታ ለመባል የሚበቃ ነው፤ ከኋላው የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ አለ፤ ተራራውን ተሻግሮም ይሠራል። በደብረ ታቦር በኩል የተገኘው መስመር በወገዳ በኩልም ብዙ አያሳፍርም።

የዝናብና የከፍታ ነገር ግን ሌላ ነው። በክረምት እርጥቡ አየር በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ በኩል መጥቶ ተራራውን ሲወጣ ዝናቡን በፊት ለፊቱ ያራግፋል፤ በማዶው ሲወርድ ደግሞ እየሞቀ ይደርቃል። ነፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር በጥቂት መቶ ሜትሮች ትበልጣለች፤ የምታገኘው ዓመታዊ ዝናብ ግን ከደብረ ታቦር ያነሰ ነው። «ከፍታ ሲጨምር ዝናብ ይጨምራል» የሚለው መስመር በጣና በኩል ባሉት ጣቢያዎች ተሠርቶ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ ቢወሰድ በወረቀት ላይ የሌለ ውኃ ይፈጥራል።

ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ቀላቅሎ ማስላትም መፍትሔ አይሆንም። ቅልቅሉ በሁለት በኩል ያሳስታል። በእያንዳንዱ ወገን የየራሱ ጥሩ መስመር እያለ ሲቀላቀሉ ተዛምዶው ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ መሐንዲሱም ግንኙነት የለም ብሎ ይደመድማል። ወይም በተቃራኒው በእያንዳንዱ ወገን ምንም ግንኙነት ሳይኖር ሁለቱ ወገኖች እንደ ሁለት መንደር ተራርቀው ስለሚቀመጡ ብቻ ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር የሚናገረው የሁለቱን መንደሮች ልዩነት እንጂ በመካከላቸው የተዘረጋ መንገድ መኖሩን አይደለም። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ነጥቦቹን በግራፍ ላይ ማስቀመጥና እያንዳንዱ ነጥብ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ፈተናውና የጥንዶቹ ብዛት

ግራፉ መስመር የሚመስል ነገር አሳየ እንበል። ያ መስመር ከአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ለዚህ መልስ የሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። በደብሊን በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ጥቂት ናሙናዎች ጻፈ፤ ሮናልድ ፊሸርም በ1915 የተዛምዶ መለኪያውን የስርጭት ሕግ በሒሳብ አረጋገጠ። ፈተናው እንዲህ ነው። የተዛምዶው ልክ ከጥንዶቹ ብዛት ላይ ሁለት ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ካሬ ሥር ይባዛል፤ ይህም ከ1 ላይ የተዛምዶው ካሬ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ካሬ ሥር ይካፈላል። የተገኘው ውጤት በስቱደንት ሠንጠረዥ ላይ ካለው ወሰን ጋር ይነጻጸራል።

በምሳሌ ሲታይ ነገሩ ይጠራል። የተዛምዶው ልክ 0.6፣ መዝገቡም የ10 ዓመት ነው እንበል። ስሌቱ 2.12 ይሰጣል። ለ10 ጥንዶች በተለመደው የ5 በመቶ ደረጃ የሚጠየቀው ግን 2.31 ነው፤ ስለዚህ ይህ 0.6 ከአጋጣሚ ተለይቶ አልታወቀም። ያው 0.6 ከ30 ዓመት መዝገብ ቢገኝ ግን ስሌቱ 3.97 ይሆናል፤ የሚጠየቀው 2.05 ስለሆነ ፈተናውን ያልፋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ምስክርነቱ ግን ሁለት ነው።

ከማለፍና ከመውደቅ ይልቅ የበለጠ የሚያስተምረው ግን እውነተኛው ልክ የሚገኝበት ክልል ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1921 ባቀረበው ዘዴ ሲሰላ በ10 ዓመት መዝገብ የተገኘው 0.6 እውነተኛ ልኩ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ከሚል ቁጥር ጀምሮ እስከ 0.89 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። በ30 ዓመት መዝገብ ክልሉ ከ0.31 እስከ 0.79 ይጠብባል። በሰነዱ ውስጥ «ተዛምዶው 0.6 ነው» ብሎ ብቻ የሚጽፍ መሐንዲስ የዋሱን ስም ጽፎ ሀብቱን እንደመደበቅ ይቆጠራል።

ከሁሉ የከፋው ሦስት ነጥብ ብቻ ይዞ መደምደም ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሦስት ነጥቦች ናቸው። የሦስቱ አማካይ ዝናብ ከሦስቱ አማካይ ምርት ወይም ከሦስቱ የመንገድ ርዝመት ጋር ቢነጻጸር ከፍተኛ ቁጥር ማግኘት እጅግ ቀላል ነው፤ ነጥቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ለመስመር የሚቀርቡበት ዕድል ሰፊ ነውና። በሦስት ጥንዶች ፈተናውን ለማለፍ የተዛምዶው ልክ ቢያንስ 0.997 መሆን አለበት። 0.9 እንኳ ምንም አይመሰክርም።

በዚህ ላይ የወረዳ አማካይ ስለ አንድ ቤተ ሰብ አይናገርም። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳየው፣ በ1930 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት በውጭ አገር መወለድና ማንበብ አለመቻል በክፍላተ ግዛት አማካይ ሲሰላ ተዛምዶው አሉታዊ 0.53 ነበር፤ በየግለሰቡ ሲሰላ ግን አዎንታዊ 0.12 ሆነ። ምልክቱ እንኳ ተገለበጠ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋና ቆላ በሚገኝበት በስማዳ ምድር አማካዩን ወስዶ ስለ አንድ ገበሬ ማሳ መናገር ምን ያህል እንደሚያስት ከዚህ ይገመታል።

ፈተናውን ማለፍ ቀጥታ መሆን አይደለም

ብዙ ጊዜ የሚታየው ዋነኛ ስሕተት ግን ይህ ነው። ፈተናው አለፈ ማለት ግንኙነቱ ቀጥታ ነው ማለት አይደለም። ፈተናው የሚጠይቀው «የመስመሩ ልክ ከዜሮ ይለያልን?» ብሎ ነው፤ «መስመር መሳልስ ተገቢ ነበርን?» ብሎ አይጠይቅም።

ፍራንሲስ አንስኮም የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት የቁጥር ሠንጠረዦችን አዘጋጅቶ አሳተመ። እያንዳንዱ 11 ጥንድ አለው። የአራቱም አማካይ፣ የአራቱም መስመርና የተዛምዶ ልክ አንድ ነው፤ ልኩም 0.82 ያህል ነው። ለ11 ጥንዶች የሚጠየቀው 0.60 ስለሆነ አራቱም ፈተናውን ያልፋሉ። በግራፍ ሲታዩ ግን የመጀመሪያው ተራ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ቅስት ነው፤ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ያፈነገጠበት ጥብቅ መስመር ነው፤ አራተኛው ደግሞ አንድ ላይ ቆመው ከተደረደሩ ዐሥር ነጥቦችና ለብቻው ርቆ ከሚገኝ አንድ ነጥብ የተሠራ ነው። በአራተኛው ሠንጠረዥ ያ አንድ ነጥብ ቢነሣ መስመር የሚባል ነገር አይኖርም። በወንዝ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለው ነጥብ ብዙ ጊዜ የአንድ ታላቅ ጎርፍ ዓመት ነው። ያን ነጥብ መሰረዝ ሳይሆን፣ መስመሩ ከእርሱ ጋርና ያለ እርሱ ምን እንደሚመስል ሁለቱንም ማሳየት ተገቢ ነው።

በተቃራኒው ተዛምዶው ዜሮ ሆኖ ግንኙነቱ ጽኑ ሊሆን ይችላል። ለማስረዳት ብቻ የታሰበ ምሳሌ ይወሰድ። የአንድ ማሳ ዝናብ በአምስት ዓመት 600፣ 700፣ 800፣ 900ና 1000 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ምርቱም በቅደም ተከተል 8፣ 13፣ 15፣ 13ና 8 ኩንታል ሆነ። የተዛምዶው ልክ በትክክል ዜሮ ነው። ይሁንና ዝናብ ሲያንስ ሰብሉ ደረቀ፤ ሲበዛ ውኃ ተኛበት። ከዚህ የጠበቀ ግንኙነት ከየት ይገኛል? በጥቁር አፈር የሚያርስ ገበሬ ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል። ቁጥሩ ያላየው ቀጥታ መስመር ብቻ ስለሚፈልግ ነው።

ቀጥተኛነትን ለመፈተን ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ለብቻው በግራፍ ማስቀመጥ ነው፤ እነዚህ ቅሪቶች ያለ ሥርዓት ከተበተኑ መስመሩ ይበቃል፤ ቅስት ወይም ማራገቢያ ከመሰሉ አይበቃም። ሁለተኛው በስሌቱ ላይ የካሬ አባል ጨምሮ ስሕተቱ በእርግጥ መቀነሱን መፈተን ነው። ሦስተኛው በአንድ ልክ ላይ ተደጋጋሚ ልኬት ሲኖር፣ ነጥቦቹ ከመስመሩ የራቁበት ስፋት በዚያው ልክ ላይ ካለው የርስ በርስ ልዩነት መብለጡን ማነጻጸር ነው። ሁልጊዜ ሽቅብ የሚሄድ ነገር ግን የታጠፈ ግንኙነት ሲያጋጥም ደግሞ፣ ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያቀረበው በልኩ ፋንታ በደረጃ የሚያሰላው መለኪያ ይረዳል።

ወቅትና ዘመን የሚፈጥሩት ተዛምዶ

በኢትዮጵያ ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የወር መዝገብ ነው። የሁለት ጣቢያዎች የየወሩ ዝናብ ለ10 ዓመት ቢነጻጸር 120 ጥንድ ይገኛል፤ ተዛምዶውም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከፍተኛ ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። በሁለቱም ቦታ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፤ በሁለቱም ቦታ ታኅሣሥና ጥር ይደርቃል። ቁጥሩ የነገረን ሁለቱም ጣቢያዎች ክረምትና በጋ እንዳላቸው ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። መሐንዲሱ ማወቅ የሚሻው «በደብረ ታቦር ሐምሌ ከወትሮው ሲያንስ በነፋስ መውጫም ያንሳልን?» የሚለውን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ልክ ላይ የወሩ አማካይ መቀነስ አለበት። ይህ ሲደረግ ያ ያማረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። የወረደው ቁጥር ግን እውነተኛው ነው። እንዲሁም ተከታታይ ወሮች እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ 120 ጥንድ የ120 ነጻ ምስክር ዋጋ የለውም።

ዘመንም እንደ ወቅት ያታልላል። ኡድኒ ዩል እ.ኤ.አ. በ1926 ባቀረበው ንግግር ከ1866 እስከ 1911 ባለው ጊዜ በእንግሊዝና በዌልስ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው ጋብቻ ከጠቅላላው ጋብቻ ያለውን ድርሻ ከሞት መጠን ጋር አነጻጽሮ 0.95 አገኘ። ጋብቻው ገዳይ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱም በዘመን ብዛት አብረው ስለቀነሱ ነው። ጊዜን ተከትሎ የሚያድግ ማንኛውም ነገር፣ የባሕር ዛፍ ተክልም ሆነ የመንገድ ርዝመት፣ የሕዝብ ቁጥርም ሆነ የተማሪ ብዛት፣ እርስ በርሱ ይዛመዳል። መድኃኒቱ ከዓመት ዓመት ያለውን ለውጥ ወስዶ ለውጥን ከለውጥ ጋር ማነጻጸር ነው።

የተሞላ መዝገብ ጎርፍን ያሳንሳል

መስመሩ ይህን ሁሉ ፈተና አልፎ የጎደለው መዝገብ ተሞላ እንበል። አሁንም አንድ አደጋ ቀርቷል፤ ለግንባታ ሥራ ግን ከሁሉ የሚከፋው ይኸኛው ነው። በመስመር የተሞሉ ዓመታት ሁሉም በመስመሩ ላይ ይውላሉ፤ ከመስመሩ በላይ የሚዘል ጎርፍ ከመስመሩ በታችም የሚወርድ ድርቅ አይኖራቸውም። የተዛምዶው ልክ 0.7 ከሆነ የተሞሉት ዓመታት የስርጭት መጠን ከእውነተኛው 0.7 እጅ ብቻ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የ50 ዓመት ጎርፍ ቢሰላ ከእውነተኛው ያነሰ ይወጣል፤ ቱቦውም ይጠብባል። ድርቁም እንዲሁ ያንሳል፤ ኩሬውም ትንሽ ሆኖ ይቆፈራል። መዝገብን በመስመር ማራዘም የሚያስከትለውን ይህን መጥበብ አሜሪካዊው የውኃ ሊቅ ሮበርት ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ1982 መርምሮ ስርጭቱን የሚጠብቁ ዘዴዎችን አነጻጽሯል። ቢያንስ በእያንዳንዱ የተሞላ ዓመት ላይ ከቅሪቶቹ መካከል በዕጣ የተወሰደ ልክ መጨመር ይቻላል። አማካይ ለሚፈልግ ሥራ ተራው መስመር ይበቃል፤ ጫፍን ለሚፈራ ሥራ ግን አይበቃም።

ከሩቅ ባሕር የሚመጣ ምስክር

ተዛምዶ ሁልጊዜ ይታማል ማለት ግን አይደለም። በአግባቡ ሲነበብ የሚሰጠው ጥቅም በዓባይ ታሪክ ይታያል። በህንድ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎትን ከ1904 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. የመራው ጊልበርት ዎከር የዓለምን የአየር ጠባይ በተዛምዶ ሠንጠረዥ ሲመረምር የዓባይን ሙላት ከመለኪያዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። የጉና ውኃም በርብና በጉማራ ጣና ገብቶ፣ በማዶውም በበሽሎ በኩል ወርዶ፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ ድርሻ ነበረው። ዎከር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ብዙ ተዛምዶዎችን አስልቶ ትልቁን ብቻ የሚመርጥ ሰው በአጋጣሚ ይታለላል የሚል ነው። ሒሳቡም ይህን ያረጋግጣል። 20 የማይገናኙ ነገሮች በ5 በመቶ ደረጃ ቢፈተኑ ቢያንስ አንዱ በሐሰት የማለፉ ዕድል 64 በመቶ ነው።

በሱዳን ተወልደው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልጣሂር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከዓባይ ዓመታዊ ፍሰት ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ውስጥ 25 በመቶ ያህሉ ኤልኒኖ ከሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መለዋወጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። 25 በመቶ ማለት የተዛምዶው ልክ 0.5 ገደማ ነው ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ትንበያ ቀጭን የሆነው ይህ 0.5 ለማስጠንቀቂያ ግን ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ከኋላው የታወቀ የአየር ዝውውር አለ፤ መዝገቡም ረጅም ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎትም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ሲሰጥ ይህን ምልክት ከመነሻዎቹ አንዱ አድርጎ ቆይቷል።

ሦስት ዓመታት የዚህን ቁጥር ኃይልና ድካም አብረው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኃይለኛ ኤልኒኖ ተነሣ፤ ክረምቱም በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከፋ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። ተዛምዶው እውነት ተናገረ። በ1997 የተነሣው ኤልኒኖ ከክፍለ ዘመኑ ኃይለኞች አንዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከክረምቱ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ ወርዶ በብዙ ቦታ የደረሰውን ሰብል አበላሸ። ሰሜን ኢትዮጵያን ያስጨነቀው የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ክረምት መክሸፍ ተባባሰ፤ በዚያ ክረምት ግን ኤልኒኖ አልነበረም። ረኀቡን ያከፉት ጦርነትና አስተዳደርም በዝናብ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኙም። ሦስት አራተኛ ያህል የሚሆነው ያልተገለጠ ክፍል ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን አቅፏል። በእንዲህ ያሉ ወረዳዎች የእህል ክምችት የሚወስን ሰው ኤልኒኖ ሲነሣ ቢዘጋጅ ልክ ነው፤ ኤልኒኖ የለም ብሎ ጎተራውን ቢከፍት ግን በቁጥሩ ያልተጻፈ ዋስትና መጠየቁ ነው።

በሰነዱ ውስጥ መጻፍ ያለበት

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሥራ ደንብ አጭር ነው። በማንኛውም የንድፍ ሰነድ ውስጥ የተዛምዶ ልክ ሲጻፍ ብቻውን አይጻፍ። ከአጠገቡ የጥንዶቹ ብዛትና እውነተኛው ልክ የሚገኝበት ክልል ይጻፍ። የነጥቦቹ ግራፍ ከነቅሪቶቹ ይያያዝ፤ ያፈነገጠ ነጥብ ካለ የትኛው ዓመት እንደሆነ ይመልከት። የወቅትና የዘመን ተጽዕኖ መቀነሱ ይገለጥ። ከስንት ሙከራ ውስጥ ይህ እንደተመረጠ በግልጥ ይነገር። በመጨረሻም መስመሩ ከየትኛው የተራራው ወገን እንደተወሰደና ወደ የትኛው ወገን እንደተሻገረ ይጻፍ።

ይህን መጻፍ የአንድ ገጽ ሥራ ነው። አንባቢው ግን፣ የወረዳ ባለሙያም ይሁን ገንዘብ ፈቃጅ፣ ከዚያ ገጽ በመነሣት ግድቡን ከፍ ማድረግ፣ ቱቦውን ማስፋት ወይም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ክረምት መለኪያ ማስተከል እንዳለበት ለመፍረድ ይችላል። በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ አካባቢ አንድ ተጨማሪ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ በየጠዋቱ ያለማቋረጥ ቢነበብ፣ ከሩቅ ጣቢያ በብድር ከሚመጣ ከማንኛውም ከፍተኛ ቁጥር የተሻለ ምስክር ይሆናል። መለኪያው እስኪተከልና መዝገቡ እስኪረዝም ድረስ ግን ብድሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ዋሱ በሚገባ ይመርመር።